ባለቤቱ የሌለበት መስቀል

የስቅለት ዕለት መንዝ ላይ ነበርሁ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ግድግዳዋ ግን የጥንቱ የድንጋይና የጭቃ ሥራ በሆነ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን። ብርዱ ገና አልለቀቀም። ባናቸውን የደረቡ ወንዶችና ነጠላቸውን ያደገደጉ ሴቶች ከጧት ጀምረው ይሰግዳሉ፤ ይነሣሉ፤ እንደገና ይወድቃሉ። ካህናቱ ያዜማሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ግብረ ሕማማቱ በየሰዓቱ ይነበባል። ከአዲስ አበባ የመጣሁት እኔ ግን ጉልበቴ ቶሎ ስለከዳኝ ፈንጠር ብዬ ተቀመጥሁና የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ስመለከት ቆየሁ።

ሥዕሉ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ክርስቶስ ተሰቅሏል፤ ደሙ ከእጆቹ፣ ከእግሮቹና ከጎኑ ይወርዳል፤ መላእክት በጽዋ ይቀበሉታል። ከሱ ቀጥሎ ሲገረፍ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል አለ። ገራፊዎቹ፣ እንደ አገራችን የአሣሣል ልማድ፣ ክፉዎች ናቸውና ፊታቸው በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ ተሥለዋል። ያችኑ አንዷን ዓይናቸውን ደግሞ ምእመናን በጥፍር ፍቀው ፍቀው አጥፍተዋታል።

ከአጠገቤ አንዲት ባልቴት ተቀምጠው ሥዕሉን እያዩ ያለቅሱ ነበር። የለቅሶ ቤት ለቅሶ እንጂ የይሉኝታ እንባ አልነበረም። የከተማ ሰው ነገር ሆኖብኝ፣ «እማማ፣ እርሱ እንደሆነ አምላክ ነው፤ አምላክ ደግሞ ይታመማል እንዴ?» አልኋቸው። ዞር ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ በሰባ ሰባት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። እሱን ካላመመው ለማን ብዬ ልነግረው ኖሯል?» አሉኝ።

ንግግራችንን የሰሙት የኔታ፣ የደብሩ የመጽሐፍ መምህር፣ ከስግደቱ በኋላ ጠርተው አረሙኝ፤ ባልቴቲቱን ሳይሆን እኔን። «አጠያየቅህ ልክ አይደለም፤ እሳቸውም ሲመልሱ ግማሹን ትተውታል። መለኮት በባሕርዩ ሕማም አይስማማውም። የታመመው በሥጋው ነው። ታማሚው ግን ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ ነው» አሉኝ።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላም እነዚህ ሁለት መልሶች ከአእምሮዬ አልወጡም። በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እምነት የተሰጡ መልሶች ናቸው። እንዲያም ሆኖ የጥንቱ ዓለም አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል የተለያየባቸው፣ ጳጳሳት የተሰደዱባቸው፣ ነገሥታትም ከዙፋናቸው ለመውረድ የቃጡባቸው መልሶች ናቸው።

በእኛ በተማርን ነን ባዮች ዘንድ አንድ የተለመደ አነጋገር አለ። የሃይማኖት ክርክር ስለ ቃላት መነታረክ ነው፤ ሊቃውንቱ ስለ ሁለት ልደትና ስለ ሦስት ልደት ሲጨቃጨቁ አገሪቱ ወደ ኋላ ቀረች እንላለን። በተማሪነቴ እኔም ብዬዋለሁ፤ ያን ጊዜ ይህን ያላለ ተማሪ ማን ነበር? የውጭ ጸሐፍት ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣሉ። «ሞኖፊዚት» የሚል ስም ይለጥፉብንና፣ የእናንተ ክርስቶስ ሰውነቱ በመለኮቱ ተውጦ የቀረ ነው፤ ስለዚህ የእውነት ሊራብ፣ የእውነት ሊደክም፣ የእውነት ሊታመም አይችልም ይሉናል። ያ የአውጣኪ ትምህርት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ንስጥሮስን በምታወግዝበት አፍ አውጣኪንም ታወግዛለች። ሁለቱም አነጋገሮች ነገሩን የገለበጡት ይመስለኛል። በጥንቱ ክርክር ውስጥ የእኛ ወገን የሚባለው ጎራ ዋና ጭንቀት፣ መስቀል ላይ የተጎዳው አምላክ ራሱ እንጂ ሌላ ማንም አለመሆኑን ማስጠበቅ ነበር። በቃላት የተጣሉትም የባልቴቲቱን ጥያቄ ይዘው ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። የግሪክ ፈላስፎች ስለ አምላክ ካስተማሩት ነገር ሁሉ ለክርስቲያኖች ከባድ የሆነባቸው፣ አምላክ አይነካም የሚለው ነው። የሚታመም ሁሉ ከውጭ በመጣ ነገር የሚለወጥ ነው፤ የሚለወጥ ደግሞ አምላክ ሊሆን አይችልም። ይህን ተቀብሎ የተሰቀለውን ጌታ አምላክ ነው የሚል ሰው ምን ይበል? አንዳንዶቹ ስቅለቱ ምትሐት ነው አሉ፤ የተሰቀለ መሰለ እንጂ አልተሰቀለም። አንዳንዶቹ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄዱና አብና ወልድን አንድ አካል አድርገው አብ ራሱ ተሰቀለ እስከ ማለት ደረሱ። በሦስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የካርታጎው ተርቱሊያኖስ በእነዚህ ላይ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎባቸዋል። ሰባልዮስ የሚለውን ስም የአብነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

በአምስተኛው መቶ ዓመት ጥያቄው እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን ረቀቅ ብሎ። ንስጥሮስ አምላክ ተወለደ፣ አምላክ ተሰቀለ ማለት አስፈራው። ፍርሃቱን መናቅ አይገባም፤ የአምላክን ክብር የሚጠብቅ መስሎት ነው። ስለዚህ የሚወለደውንና የሚታመመውን ለሰውየው፣ የማይታመመውን ለአምላክ አካፈለ። የእስክንድርያው ቄርሎስ የተነሣው ይህን ክፍያ ለመቃወም ነው። የ12ቱ ውግዘቶቹ የመጨረሻው ይህንኑ ይመለከታል፤ እግዚአብሔር ቃል በሥጋ እንደታመመ፣ በሥጋ እንደተሰቀለ የማያምን የተለየ ይሁን ይላል ጠቅላላ ሐሳቡ። በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን ያሸነፈው ይህ ነው። ድርሳናቱም ከግሪክ ወደ ግእዝ በአክሱም ዘመን ተመልሰው «ቄርሎስ» የሚባለው መጽሐፋችን ሆነዋል። ከግእዝ መጻሕፍት ሁሉ ከጥንታውያኑ አንዱ ስለ አምላክ መታመም የሚሟገት መጽሐፍ መሆኑ ሊያስገርመን ይገባል። እኛ ግን ያን ዘመን ስናነሣ የምንቆጥረው ሐውልቱንና ሳንቲሙን ነው።

ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451 እ.ኤ.አ. በኋላ የሆነው ደግሞ ከመጻሕፍት ወጥቶ ወደ ጎዳና ገባ። ቅዳሴ የሰማ ሁሉ የሚያውቀው ሦስት ጊዜ ቅዱስ የሚባልበት ጸሎት አለ፤ ሕያውነቱንና አለመሞቱን የሚያወድስ። በ470 እ.ኤ.አ. ገደማ የአንጾኪያው ጴጥሮስ በዚህ ጸሎት ላይ ስለ እኛ የተሰቀለ የሚል ሐረግ ጨመረበት። አስቡት፤ በአንድ ትንፋሽ የማይሞት ይሉትና ሳይተነፍሱ የተሰቀለ ይሉታል። በ512 እ.ኤ.አ. ይኸው ሐረግ በቁስጥንጥንያ ሲዜም ከተማው ታወከ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ሰው ሞተ፤ ንጉሡ አንስጣስዮስም ዘውዱን አውልቆ በሕዝብ አደባባይ ቀርቦ እወርድላችኋለሁ እስከ ማለት ደረሰ። ስለ አንዲት ሐረግ! በ553 እ.ኤ.አ. ኬልቄዶናውያኑ ራሳቸው በሁለተኛው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ፣ በሥጋ የተሰቀለው ከሥላሴ አንዱ ነው የሚለውን አነጋገር ተቀበሉት። ለቅሶው ከተነሣ ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱን ይበልጥ አስፍታ ትለዋለች። በአንደኛው ከድንግል መወለዱን፣ በሁለተኛው በዮርዳኖስ መጠመቁንና በመስቀል መሰቀሉን፣ በሦስተኛው መነሣቱንና ማረጉን ዳግመኛም መምጣቱን ታስገባበታለች። ትውፊቱ ይህን ጸሎት ለዮሴፍና ለኒቆዲሞስ ሥጋውን ሲገንዙ ያስተማራቸው ራሱ ነው ይላል። የታሪክ ተመራማሪ በዚህ ፈገግ ሊል ይችላል። እኔ ግን ታሪኩን የፈጠረው ሰው ነገሩ ገብቶታል እላለሁ፤ የማይሞት የሚለውን ውዳሴ በሬሳ ግንዘት ላይ ማስጀመሩን ልብ ይሏል። ሳዊሮስ ዘአንጾኪያም ቢሆን፣ «ሞኖፊዚቶች» ከሚሏቸው ሁሉ ታላቁ፣ ከዕድሜው ከፊሉን ያሳለፈው የክርስቶስ ሥጋ ከትንሣኤ በፊት ሕማም የማይነካው ነበር ከሚሉት ከነዩልያኖስ ጋር ሲከራከር ነው። ረሃቡ ረሃብ፣ ድካሙም ድካም ነበር ብሎ። ለሳዊሮስ በሃይማኖተ አበው ውስጥ ቦታ የሰጠች ቤተ ክርስቲያን የማይታመም ክርስቶስ ታስተምራለች ማለት መጽሐፉን አለመግለጥ ነው።

የመንዙ የኔታ ነገሩን በብረትና በእሳት ምሳሌ አስረዱኝ። ብረት እሳት ውስጥ ገብቶ ሲግል እሳትና ብረት አንድ ይሆናል፤ ቀጥቃጩ በመዶሻ ሲመታው የሚመታው የጋለው ብረት ነው፤ እሳቱ ግን ከብረቱ አልተለየም፣ በመዶሻውም አይጎዳም። ጥንታዊ ምሳሌ ነው፤ እስከ ዛሬም በየጉባኤ ቤቱ የሚሰጥ ነው። ውበቱንም አልክድም። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። እሳቱ አያመውም፤ ብረቱም አያመውም። ብረት አያለቅስም። ምሳሌው ለፈላስፋው መልስ ይሰጠዋል፤ በሰባ ሰባት ሁለት ልጆች ለቀበሩት ለባልቴቲቱ ግን አይደርስም። ይህን ለየኔታ ብነግራቸው ሳቁና፣ «ምሳሌ ዘጠኝ፣ ሐሰቱ አንድ» አሉ። ምሳሌ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል ማለታቸው ይመስለኛል።

በዘመናችን አውሮፓውያን ወደዚህ ጥያቄ የተመለሱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጀርመናዊው ዩርገን ሞልትማን በ1972 እ.ኤ.አ. «የተሰቀለው አምላክ» የሚለውን መጽሐፉን አወጣ። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን እያነሡ እኛማ ቀድሞም ነበረን ሲሉ እሰማለሁ። አይደለም። ሞልትማን ሕማሙን ወደ መለኮቱ ውስጥ፣ እስከ አብ ድረስ ያስገባዋል። ቄርሎስና የመንዙ የኔታ እዚያ በር ላይ ይቆማሉ። ባልቴቲቱ የትኛው ጋር እንደሚቆሙ እኔ እንጃ።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነውና። ከተመለስሁ በኋላ የጥንት ወንጌሎቻችንን ሥዕሎች የያዙ መጻሕፍትን ማገላበጥ ጀመርሁ። የመንዙ ሥዕል ደሙ እንዲያ ሲፈስ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ስንሥል የኖርን መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ አያሌ የግእዝ ወንጌሎች ላይ የስቅለቱ ሥዕል አለ፤ የተሰቀለው ግን የለም። መስቀሉ በመካከል ቆሟል፤ ባዶ ነው። ከበላዩ በግ ተሥሏል። ሁለቱ ወንበዴዎች በግራና በቀኝ ተሰቅለው ይታያሉ፤ ፀሐይና ጨረቃም አሉ። በአንዳንዱ ጦር የያዘው ወታደር ሳይቀር አለ፤ የሚወጋው ግን ባዶውን ዕንጨት ነው። ወንበዴዎቹ ሥጋ አላቸው፣ ፊት አላቸው፣ ያማቸዋል። ጌታ ብቻ ከሥዕሉ ወጥቷል።

ኤዋ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ የተባሉ ምሁር በዚህ ነገር ላይ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ በ1997 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ የመጽሐፉም ስም የተሰቀለ የሌለበት ስቅለት የሚል ነው። የሥዕሉ ምንጭ በጥንት የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ዘንድ የነበረው፣ በጎልጎታ የቆመውን የከበረ መስቀል የሚያሳየው ሥዕል ነው የሚለው ማስረጃ አሳማኝ ነው። ሠዓሊዎቻችን የተቀበሉትን ሥለዋል። ለእኔ ግን የሚያስደንቀው አሣሣሉ እዚህ መቆየቱ ነው። ሌላው ዓለም የተሰቀለውን አካል መሣል ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። በየዕለቱ የማይሞተው ተሰቀለ እያለ የሚያዜም ቄስ ወንጌሉን ሲገልጥ የሚያየው ባዶ መስቀል ነው። ጆሮው የሚሰማውን ዓይኑ አላይም አለ። የኔታ በብረትና በእሳት የተናገሩትን ያ ሠዓሊ በበግና በዕንጨት ተናግሮታል፤ ሕማሙ እውነት ነው፣ ግን አትየው።

ይህ ማፈር ነው ወይስ ማክበር? እኔ ማክበር ነው እላለሁ፤ ነገር ግን የሕማሙን ፊት ያላየ ሰው በሌላው ፊት ላይ ሲያየውም ላያውቀው ይችላል የሚል ፍርሃት አለኝ።

ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተሰቀለው አካል በሥዕሎቻችን ላይ በርክቶ ይታያል። የመቶ ዓመቱ ታላቅ ሰው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። መስቀሉ በየቦታው እንዲከበር ያዘዙ፣ ስለ ሃይማኖት ራሳቸው የጻፉ፣ በትውፊትም የጌታን ግማደ መስቀል ግሸን ላይ ያስቀመጡ። (አንባቢ ግሸንን ከመንዝ ጎረቤት ከጊሼ ጋር እንዳያምታታብኝ፤ ግሸን አምባሰል ነው።) የስቅለት ዕለት ያደርሁበት አገር ለእሳቸው ቤት ነበር፤ ደብረ ምጥማቅ ተጉለት ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃንም የእሳቸው ከተማ ነው። የደብረ ብርሃንን ስም አመጣጥ በትምህርት ቤት ብርሃን ወረደ ብለው ያስተማሩን ሁሉ የታሪኩን ግማሽ ነው ያስተማሩን። ዜና መዋዕሉ ሙሉውን ይነግረናል። ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ እንጂ ለማርያምና ለልጇ መስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ በመስቀሉ በዓል፣ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ሥራቸው እንደተወደደላቸው ምልክት አድርገው ተቀበሉት።

እንግዲህ የአምላክ ሕማም የተፈጸመበት ዕንጨት ክብር ይጠበቅ ተብሎ የሰው ምላስ ተቆረጠ። ባዶውን መስቀል ሳይ ወደ ሐሳቤ የመጣው ይህ ነው።

የተቆረጡት ወገኖች ራሳቸው የጻፉት ገድል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለአማርኛ አንባቢ የተዘጋ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግእዝ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው አወጡልን። ጌታቸው የሸንኮራ ሰው ናቸው፤ የዚሁ የሸዋ አገር ልጅ። በደርግ ዘመን ቤታቸው ድረስ በመጡ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ቀሪ ዕድሜያቸውን፣ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ብራና ሲያነቡ ኖሩ። መጽሐፉን ሳነብ ይህን ልረሳው አልቻልሁም። ስለ ትርጉሙ ጥራት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማደንቀው ርእሱን ነው። በሕግ አምላክ የመንገድ ቃል ነው። የሚደበደብ ሰው ይጮኸዋል፤ ያን ጊዜ ዱላ ያነሣ ሁሉ እጁን ማቆም አለበት። ተርጓሚው ይህን ቃል በመነኮሳቱ አፍ ላይ ሲያኖሩት አምስት መቶ ዓመት ያለፈውን ጩኸት ዛሬ ያስጮኹታል። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። የዘርዐ ያዕቆብን ወገን የሃይማኖት ጭንቀት ጠለቅ ብሎ ለማየት አንባቢው ሌላ ቦታ መሄድ ያስፈልገዋል። ገራፊውን በአንድ ዓይን መሣል ለመጽሐፍም ልማድ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ከዘርዐ ያዕቆብ ብዙም ሳይርቅ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ አንድ ሥዕል ወደ አገራችን ገባ። የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ፊት ነው። ስሙንም «ኩርዓተ ርእሱ» አሉት፤ ራሱን መመታቱ ማለት ነው። ትውፊት እጅግ ቀደምት ያደርገውና ሠዓሊው ሉቃስ ነው ይላል። ከባዶው መስቀል እስከዚህ ፊት ያለውን ርቀት አስተውሉ። ነገሥታቱ ይህን ሥዕል ያስምሉበት ነበር፤ ወደ ጦር ሜዳም ይዘውት ይወጡ ነበር። በ1744 እ.ኤ.አ. ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ በስናር ጦር ድል በሆኑ ጊዜ ተማረከ፤ ጎንደር በቤዛ ገንዘብ መልሳ አስገባችው። እንደ ሰው ተማርኮ እንደ ሰው የተዋጀ ሥዕል ነው። ከዚያ መቅደላ። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን አገኘና ለሙዚየሙ ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው።

በ1872 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ክብረ ነገሥቱና ኩርዓተ ርእሱ እንዲመለሱላቸው። ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን የለም የሚል መልስ መጣ። ሆልምስ በዚያን ጊዜ የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ሹም ሆኖ በዊንድዘር ይሠራ ነበር! ሥዕሉ ከሞተ በኋላ በጨረታ ተሸጠ፤ በመጨረሻም ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ዝርፊያ ሌሎች በሚገባ ጽፈዋል፤ እኔ ወደ ደብዳቤው ጸሐፊ ልለፍ።

ከዚያ ደብዳቤ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1870 ዓ.ም. መጋቢት፣ ምኒልክ ደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ለዐፄ ዮሐንስ ገቡ። የሸዋ ነገሥታት ዘር ከመንዝ የወጣ ነው፤ ከሣህለ ሥላሴም ዘመን ጀምሮ የሸዋ ቤተ መንግሥት ሃይማኖት ሦስት ልደት ነበር። ስለዚህ ከመንግሥቱ ጋር ሃይማኖቱም ተፈተነ። በዚያው ዓመት ከመንዝ በስተሰሜን፣ ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደረገ።

የሦስት ልደት ነገር ምን ነበር? በአጭሩ፣ ወልድ ከአብ ያለ እናት ተወለደ፤ ከድንግል ያለ አባት ተወለደ፤ ደግሞም በሥጋው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት በጸጋ ልጅ ሆነ፣ ይህም ሦስተኛ ልደት ይባላል የሚሉት የጸጋ ልጆች ናቸው። ሁለት ልደት የሚሉት ደግሞ ተዋሕዶው ራሱ ይበቃል፤ ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው፣ ሦስተኛ ልደት ክርስቶስን ይከፍላል ይላሉ። ቁጥር ይመስላል። ግን ጥያቄው የድሮው ጥያቄ ነው፤ አምላክ የሆነ ሰው ከሌላ የሚቀበለው ነገር አለ ወይ? ሊሰጡት፣ ሊቀቡት፣ ሊያከብሩት ይችላሉ ወይ? የሚቀበል የሚጎድለው ነው፤ አምላክ ደግሞ አይጎድለውም። የጸጋ ልጆች ይህን ፈርተው የሚቀበለውን ለትስብእቱ ሰጡ። ተቃዋሚዎቻቸው የንስጥሮስን ጥላ አዩባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በክርክሩ እኔም ልቤ ከሁለት ልደት ጋር ነው፤ ባልቴቲቱ የሚያለቅሱለት አንድ ነውና። ግን በዚያ ሜዳ ላይ የነበረው ክርክር ብቻ አልነበረም። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ የሸዋ ሊቃውንት ተረቱ፤ አንክድም ካሉት ውስጥ ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ ተጽፏል። ቀጥሎም የወሎ እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ።

ምላስ ቆራጮቹ እነማን ናቸው? በኬልቄዶን ጥርሱ ረገፈ፣ ጽሕሙ ተነጨ የሚባለውን ዲዮስቆሮስን አባታችን የሚሉ ናቸው። የተመታውን ክርስቶስ ሥዕል ከባዕድ አገር ያስፈለጉት ንጉሥ ናቸው፤ የራሱን መመታት በስሙ የተሸከመውን ሥዕል።

ይህን ታሪክ የሚጽፉልን ሁሉ የሚነግሩን ማን እንደረታ ነው። የአሸናፊው ሃይማኖት ትክክል ስለነበረ ጉባኤው ትክክል ነበር የሚሉ አሉ፤ ጉባኤው የፖለቲካ ነበርና ሃይማኖቱ ሰበብ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የተረቺዎቹን ሕማም የግርጌ ማስታወሻ ያደርገዋል። አንድም የኪነ ጥበብ ሰው ቦሩ ሜዳን ሲሥለው አላየሁም። ስንቱን ጦርነት ሥለናል! ዐድዋን በየሆቴሉ ግድግዳ እናየዋለን። ቦሩ ሜዳ ግን እንደ ጥንቱ መስቀል ባለቤቱ የሌለበት ሆኖ ቀርቷል፤ ድንኳኑ አለ፣ ንጉሡ አለ፣ ጦር ያዡ አለ፣ የሚያመው ሰው ግን የለም።

ስቅለት ማታ፣ ስግደቱ ካበቃ በኋላ፣ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን መታ መታ አድርገው መቶ ስግደት ቀጡኝ። ግማሹን እንኳ ሳልሰግድ ደክሞኝ ከየኔታ ጋር በዕድሞው ጥግ ተቀመጥን። ስለ ቦሩ ሜዳ ጠየቅኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቅድመ አያታቸው ከሸዋ ካህናት ጋር ወደዚያ እንደሄዱ ነገሩኝ። በሦስት ልደት ሄዱ፤ በሁለት ልደት ተመለሱ። ምላሳቸው ደኅና ነበር።

«ከዚያ በኋላ አስተማሩ?» አልኋቸው።

«የለም። ጉባኤ ቤቱን ትተው ንብ አረቡ ይላሉ። ቀፎ ይሠሩ ነበር። ተማሪዎቹ እየመጡ ሲጠይቋቸው ማር ሰጥተው ይሸኟቸው ነበር አሉ።»

ጨለማው ጠንክሮ ነበር። ባልቴቲቱ ነጠላቸውን ተከናንበው በጉልባን የተሞላ ሳህን ይዘው መጡና ከሁለታችን መካከል አስቀመጡት።